ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ያለበት የገና ፊልም፦ ለእናንተ ቤት የሚሆነው የትኛው ነው?

ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ ጦር ተሰናብቶ ቤት የገባ ዓመት፣ ለገና ፊልም የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ወታደር አለበት። በረዶ አለው። ፍቅር አለው። መጨረሻው ደግሞ ያምራል። ደስ ይለዋል ብዬ ነው።

ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጠበቅ ነበር። እናት ትጠብቃለች፣ እጮኛ ትጠብቃለች፣ የከተማው ሰው ሁሉ ይጠብቃል። በመጨረሻው ደቂቃ ወታደሩ በር አንኳኩቶ ገባ። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ አለቀ። እማዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ወንድሜ ግን ጽሑፉ እየወረደ ሳለ እንኳ ቴሌቪዥኑን ማየት አላቆመም።

«እዚህ ጋ ነው እንዴ የሚያልቀው?» አለኝ። «እታለም፣ እኔ እኮ ግራ የገባኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ፊልም ስመርጥ መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ነው። ሰውየው ቤቱ የሚደርሰው ፊልሙ ሲጀምር ነው ወይስ ሲያልቅ? መድረሱ የታሪኩ መጨረሻ ከሆነ፣ ፊልሙ የተሠራው ለጠባቂዎቹ ነው። ለእናት፣ ለእህት፣ ለሚስት ነው። መድረሱ መጀመሪያ ከሆነ ግን ለተመላሹ ራሱ የሚሆን ነገር ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ደግ ናቸው። ብቻ አጠገባችሁ ማን እንደተቀመጠ እወቁ።

እዚህ አሜሪካ ዘመድ ጓደኛው ጦር ውስጥ ያገለገለ ሐበሻ ብዙ ነው። ልጁን የላከ አለ፣ ባሏን የጠበቀች አለች። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቴሌቪዥኑ በገና ፊልም ይሞላል። ስለዚህ እስካሁን ካየኋቸው መካከል ለማወዳደር የሚበቁትን ላቅርብላችሁ። ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ፣ እነዚህ ፊልሞች እንዴት እንደሚሠሩ

ይህን ማወቅ ለምርጫ በጣም ይረዳል። ለቴሌቪዥን የሚሠራ የገና ፊልም የሚገባው ሁለት ሰዓት በሆነ የሥርጭት ጊዜ ውስጥ ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ የሚቀረው 84 ደቂቃ ገደማ ነው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ በዘጠኝ ክፍል ይቆረጣል። እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው ማስታወቂያው እስኪያልፍ ሰው እንዳይነሳ ተደርጎ ነው። ቀረጻው ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ብዙዎቹ የሚቀረጹት ካናዳ ነው፣ አንዳንዴም በበጋ። የምታዩት በረዶ ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ለወታደሩ ታሪክ ምን ማለት ነው? ጊዜ የለም ማለት ነው። ለወራት እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ በረንዳ ላይ በአንድ ምሽት ወሬ መለስ ሊል ይገባዋል። ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጥንዶቹ ይጣላሉ። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይሳሳማሉ። በቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ድራማ ለለመደ ሰው ይህ ፍጥነት ይገርማል። እዚያ አንድ ኩርፊያ ሦስት ሳምንት ይቆያል።

ይህን የምለው ፊልሞቹን ለመንቀፍ አይደለም። ከአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም የሕክምና ሥራ መጠበቅ አይገባም ለማለት ነው። ጥሩዎቹ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ከብዙው ሕመም አንዷን ትንሽ ክፍል ይመርጡና እሷን በደንብ ያሳያሉ። ደካማዎቹ ሰውየውን ዩኒፎርም ያለብሱታል እንጂ ምንም አይጠይቁትም።

ሌላው ጠቃሚ ነገር ጣቢያው ነው። በገና ፊልም የሚታወቀው የአሜሪካው ሆልማርክ ከአንድ በላይ ጣቢያ አለው። ዋናው ሆልማርክ ቻናል ከ2009 ጀምሮ ለገና ቆጠራ እያለ የሚያሳየው ቀለል ያለውን፣ የሚያስቀውን ነው። እህት ጣቢያው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሆልማርክ ሙቪስ ኤንድ ሚስትሪስ ይባል ነበር፣ አሁን ሆልማርክ ሚስትሪ ሆኗል። በገና ሰሞን ከበድ ያሉት፣ ሐዘን ያለባቸው፣ ዘማች ያለባቸው ፊልሞች የሚበዙት እዚያ ነው። ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው ሦስቱ የዚያ ጣቢያ ናቸው። ማልቀስ ካልፈለጋችሁ የጣቢያውን ስም አይታችሁ ብቻ መለየት ትችላላችሁ።

ከእናት ጋር ለማየት፦ «ዘ ክሪስማስ ካርድ»

ይህ የ2006 ፊልም ነው። ስሙ የገና ካርዱ ማለት ነው። ኮዲ የሚባል ወታደር አፍጋኒስታን እያለ አንድ ካርድ ይደርሰዋል። የጻፈችው ፌይዝ የምትባል የማያውቃት ሴት ናት፣ ካርዱም ለወታደሮች ከተላኩት አንዱ ነው። ካርዷ በጭንቅ ጊዜ ይይዘዋል። ፈቃድ ተሰጥቶት ወደ አሜሪካ ሲመለስ ወደ ከተማዋ ይሄዳል። እዚያ አንድ ሽማግሌ መኪና ሊገጨው ሲል ያድነዋል። ሽማግሌው አባቷ ሆኖ ይገኛል። ቤታቸው ያስገቡታል፣ በእንጨት መሰንጠቂያቸው ሥራ ይሰጡታል። ፌይዝ ግን ሌላ ሰው አላት። ኮዲም ካርዱ እንደደረሰው ለረጅም ጊዜ አይናገርም።

ከተማዋ ኔቫዳ ሲቲ ትባላለች። ስሟ ያሳስታል እንጂ የምትገኘው ካሊፎርኒያ ነው፣ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ሥር። በ1849 ወርቅ ፍለጋ ዘመን የተቆረቆረች እውነተኛ ከተማ ናት። በየታኅሣሡ በጋዝ መብራት ያረጁ መንገዶቿ ላይ የገና ገበያ ይደረጋል። ሌሎቹ ፊልሞች ከተማ ይፈጥራሉ። ይህኛው ያለችውን ከተማ ወስዷል፣ ይህም በደንብ ያስታውቃል።

የፊልሙ ጉልበት አባትየው ናቸው። የሚጫወቱት ኤድ አስነር ናቸው፣ በዚህ ሥራቸውም ለኤሚ ሽልማት ታጭተው ነበር። ለገና የቴሌቪዥን ፊልም ይህ በየጊዜው የሚገኝ ክብር አይደለም። እንግዳውን ሲቀበሉት ከየት መጣህ፣ ማን ላከህ ብለው አያስጨንቁትም። እማዬ ይህን ስታይ «የእግዜር እንግዳ ነዋ» አለች። ከዚያ በኋላ ማስተርጎም አላስፈለገኝም። ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን ምን እንደደበቀ ከፊታቸው ይነበባል። እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ወላጆች ፊልም የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

የሚጎድለውም አለ። ኮዲ የመጣው በፈቃድ ነው፣ አልተሰናበተም። ጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይታይና ይቀራል። ነገ ዩኒፎርሙን ሲያወልቅ ምን እንደሚሆን ፊልሙ አይጠይቅም። ወንድሜ ፊልሙን ወዶታል፣ ግን እንደ ጥሩ ተረት ነው የወደደው። በሚቀጥለው ቀን ስለሱ አላነሳም።

ከተመላሹ ጋር ለማየት፦ «ኤ ቬተራንስ ክሪስማስ»

ይህ በ2018 የወጣ ነው። ስሙ የአንዲት ዘማች ገና እንደማለት ነው። አንዲት ያልኩት አውቄ ነው፣ ተመላሿ ሴት ናት። ሻምበል ግሬስ ጋርላንድ የማሪን፣ ማለትም የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ባልደረባ ናት። ሁለት ጊዜ አፍጋኒስታን ዘምታለች። ሥራዋ ከውሻ ጋር ሆና የጠፋ ሰው ፈልጎ ማዳን ነበር። ተሰናብታ ስትመለስ መኪናዋ መንገድ ላይ ይበላሽባትና አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ትቀራለች። የከተማው ዳኛ የእንግዳ ቤቱን ይሰጣታል።

ኤሎይዝ መምፎርድ ግሬስን ስትጫወት የምታደርጋቸው ትንንሽ ነገሮች አሉ። ክፍል ስትገባ መውጫውን የምታይ ይመስላል። ሰው ሲያመሰግናት ምን እንደምትመልስ አታውቅም። እንግሊዝኛው ላይ «ስላገለገልሽ እናመሰግናለን» የሚባል ነገር አለ፤ የሚናገሩት ሁሉ ከልባቸው ነው፣ የሚባለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይጨንቀዋል። ወንድሜ ያንን ሲያይ ሳቀና «አዎ፣ ልክ እንደዚህ» አለ። በዚያ ዓመት ስለ ወታደርነቱ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር።

ሴት መሆኗም ዝም ብሎ አይደለም። በዛሬው የአሜሪካ ጦር ውስጥ ከመቶ 17 ያህሉ ሴቶች ናቸው። የውጊያ ምድቦች በሙሉ ለሴቶች ክፍት እንዲሆኑ የተወሰነው በ2015 መጨረሻ ነው። የገና ፊልሞች ግን ሴቷን አብዛኛውን ጊዜ መስኮት ላይ አስቀምጠው ያስጠብቋታል። እዚህ የምትመለሰው እሷ ናት፣ ቤት ይዞ የሚጠብቀው ወንዱ ነው። ከጦሩ የተመለሰች እህት ወይም ልጅ ካለቻችሁ ሌላ አትፈልጉ።

ስለ ውሻው ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም በእኛ ቤት ትልቁ ጥያቄ እሱ ነበር። ግሬስ ከውሻዋ ተለይታለች። ፊልሙን ሙሉ ትናፍቀዋለች። እማዬ መጀመሪያ አልገባትም። «ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆነው?» አለች። ወንድሜ ቀስ ብሎ አስረዳት። ውሻው ከፊት ይሄዳል። እሱ ካላለፈ ማንም አያልፍም። አንድ ሰው በሕይወት የተመለሰው በዚያ ውሻ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እማዬ ዝም ብላ አዳመጠችው። ከዚያ በኋላ ስለ ውሻው ደጋግማ የጠየቀችው እሷ ናት።

ነገሩ ከፊልም ውጭም እውነተኛ ታሪክ አለው። እስከ 2000 ድረስ አርጅተው ሥራ የማይችሉ የጦር ውሾች አብዛኛውን ጊዜ ይገደሉ ነበር። በዚያ ዓመት ፕሬዝዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ሰው እንዲወስዳቸው ፈቀደ። በ2015 መጨረሻ የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ጡረታ የወጡት ውሾች ወደ አሜሪካ እንዲመለሱ፣ ለመውሰድም ቅድሚያው አብሯቸው ለሠራው ወታደር እንዲሆን አደረገ። ይህን አውቃችሁ ስታዩት የግሬስ ናፍቆት ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ውሻው ይገኛል አይገኝም የሚለውን አልነግራችሁም።

የፊልሙ ድካም ዳኛው ነው። ሾን ፋሪስ ደግ ሆኖ ይጫወታል፣ ግን ገጸ ባሕሪው ከደግነት በቀር የራሱ ነገር የለውም። ፍቅሩም ቶሎ ይመጣል። የፍቅሩ ታሪክ እንዲማርካችሁ ከፈለጋችሁ «ዘ ክሪስማስ ካርድ» ይበልጣል። የመመለሱ ታሪክ እንዲነካችሁ ከፈለጋችሁ ይህ ይበልጣል። ሁለቱን አስቀምጠው አንዱን ምረጪ ቢሉኝ፣ ወንድሜ ቤት ካለ ሁለተኛውን፣ እማዬና እኔ ብቻ ከሆንን የመጀመሪያውን አስከፍታለሁ።

ሐዘን ባለበት ቤት ጠይቃችሁ ክፈቱ፦ «ክሪስማስ ሆምካሚንግ»

በ2017 የወጣ ነው፣ ለገና ወደ ቤት መመለስ ማለት ነው። ባሏ በጦርነት የሞተባት ሴት ቤት ታከራያለች። ተከራዩ ቆስሎ በማገገም ላይ ያለ ሻምበል ነው። የከተማው የጦር ሙዚየም ሊዘጋ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ለማዳን ይጥራሉ። ጁሊ ቤንዝና ማይክል ሻንክስ ናቸው የሚጫወቱት፣ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ በተከታታይ ድራማ የሚታወቁ ናቸው። ይህም ይጠቅማል። ወጣት አይደሉም። ሁለቱም ሲናገሩ የኖሩበት ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

የዚህ ፊልም ዋጋው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ያልተመለሰውንም ይቆጥራል። ሌሎቹ ፊልሞች ውስጥ የሞተ ጓደኛ ካለ ስሙ ይነሳና ይታለፋል። እዚህ ግን የቤቱ ባዶ ቦታ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ሴትየዋ ገናን ማክበር ትታለች። ሌላ ሰው ወደ ሕይወቷ ሲገባ ሟቹን የከዳች ይመስላታል። ሐዘን እንዴት እንደሚያስተሳስር ለሚያውቅ ለእኛ ሰው ይህ ቅርብ ነው። ከል ሳታወልቅ ዓመታት የቆየች አክስት ያለው ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ለዚያ ነው ጠይቃችሁ ክፈቱ ያልኩት። አንዲት ጎረቤታችን ልጇ ከሞተ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። እኛ ቤት መጥታ ሳለ ይህ ፊልም ተከፈተ። መጀመሪያ ልዘጋው አሰብኩ። እሷ ግን «ተዪው» አለችኝና እስከ መጨረሻው አየችው። ለእሷ ጥሩ ሆነ። ለሌላ ሰው ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። በሁለት ቃል ስለምን እንደሆነ ተናግሮ ልክፈተው ወይ ማለት አይከብድም።

የቆሰለ ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሻምበሉ ቁስል ለገና ይሻለዋል። እውነተኛው እንዲያ ቶሎ አይሻልም። ወንድሜ ጀርባውን ታሞ ስንት ጊዜ ቀጠሮ እንደተመላለሰ አውቃለሁ። በሕመም ላይ ያለ ሰው ይህን ሲያይ ሊናደድ ይችላል፣ ቢናደድ አትገረሙ።

«ሆሊዴይ ፎር ሂሮስ»

ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም። የ2019 ነው። ወታደሩና ሴትየዋ ለአንድ ዓመት በደብዳቤ ይጻጻፋሉ፣ ከዚያ በአካል ይገናኛሉ። ጥያቄው በወረቀት ላይ የነበረው ነገር በአካል ይኖራል ወይ ነው። ሜሊሳ ክሌር ኢጋንና ማርክ ብሉካስ ደስ የሚሉ ጥንዶች ናቸው። ፊልሙ ቀላል ነው፣ ማንንም አያስከፋም።

ከካርዱ ፊልም ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ ይህ ነው። ካርዱ አንድ ጊዜ የተጻፈ ነው፣ ሴትየዋም ለማን እንደደረሰ አታውቅም። እዚህ ሁለቱም ያወራሉ። ስለዚህ በስልክና በመልእክት ብቻ ሲተዋወቁ የቆዩ ሰዎች፣ አንዱ ዓረብ አገር ሌላው አዲስ አበባ ሆኖ ዓመታት የጠበቁ ጥንዶች፣ ራሳቸውን የሚያገኙት እዚህ ነው። በአካል ሲገናኙ የሚመጣውን ድንገተኛ እፍረት በደንብ ያሳያል። የወታደርነቱን ነገር ግን አትጠብቁበት።

ልጆች ካሉ፦ «ኦፕሬሽን ክሪስማስ ድሮፕ»

ይህኛው ትንሽ ይለያል። የኔትፍሊክስ ነው፣ በ2020 የወጣ። ወታደሩም ተመላሽ ሳይሆን በሥራ ላይ ያለ ነው። ያስገባሁት ግን ሦስት ልጆች ፊቴ ቁጭ ብለው «ሚሳኤል የሌለበት ወታደር አሳዪን» ሲሉኝ ያዳነኝ እሱ ስለሆነ ነው።

አንዲት የኮንግረስ አባል ረዳት ጉዋም ደሴት ላይ ወዳለው አንደርሰን የአየር ኃይል ሰፈር ትላካለች። ሰፈሩ ይዘጋ አይዘጋ የሚለውን ማየት ነው ሥራዋ። እዚያ ያለው ሻምበል ደግሞ በየዓመቱ ለሩቅ ደሴቶች ከአውሮፕላን ስጦታ የሚጥሉትን ሰዎች ያስተባብራል። ካት ግራሃምና አሌክሳንደር ሉድዊግ ናቸው። የተቀረጸው እዚያው ጉዋም ነው። በረዶ የለም፣ ዘንባባና ባሕር ነው።

ነገሩ እውነተኛ ነው፣ ልጆቹን የያዛቸውም ይህ ነው። በ1952 ከጉዋም የተነሳ የቢ 29 አውሮፕላን ሠራተኞች ካፒንጋማራንጊ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ሲያልፉ ሰዎች እጃቸውን ሲያውለበልቡላቸው አዩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ያገኙትን ዕቃ ሰብስበው በፓራሹት ጣሉላቸው። ከዚያ ጀምሮ በየታኅሣሡ ይደረጋል። ዛሬ የሚጥሉት ሲ 130 አውሮፕላኖች ናቸው፣ የጃፓን አየር ኃይልም ተጨምሯል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጆቹ ካርታ አምጪ አሉ። ደሴቲቱን ለማግኘት ብዙ ፈለግን። በጣም ትንሽ ናት።

ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያም ስለሚሠራ፣ አገር ቤት ካለ ዘመድ ጋር በአንድ ቀን ለማየት ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው። የሆልማርኮቹን ለማየት እዚህ አሜሪካ ጣቢያው ያለበት ጥቅል ወይም ሆልማርክ ፕላስ የሚባለው የራሳቸው አገልግሎት ያስፈልጋል። ያለ ማስታወቂያ ሲታዩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳሉ። ለእማዬ የመኝታ ሰዓት ይህ ወሳኝ ነው።

እውነቱን ለሚፈልግ፦ «አይል ቢ ሲይንግ ዩ»

ይህ ለቴሌቪዥን የተሠራ አይደለም፣ ለሲኒማ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው። በ1944 የተሠራ ነው፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ። ከላይ ያሉት ፊልሞች ሁሉ አያታቸው እሱ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ካላነጻጸርኩት መመሪያው ይጎድላል።

አንድ ወታደርና አንዲት ሴት ባቡር ላይ ይገናኛሉ። ለገና ነው የሚሄዱት። እሱ ከወታደር ሆስፒታል ለጥቂት ቀን ተፈቅዶለት የወጣ ነው። አካሉ ቆስሎ ነበር፣ አሁን የቀረው አእምሮው ነው። እሷ ደግሞ እስር ላይ ናት፣ ለበዓል ተፈቅዶላት ነው የወጣችው። ሁለቱም የየራሳቸውን አይናገሩም። እሷ አክስቷ ቤት ትገባለች፣ እሱ እዚያው ከተማ ይወርዳል። ጂንጀር ሮጀርስና ጆሴፍ ኮተን ናቸው።

አንድ ትዕይንት አለ። ወታደሩ በተከራየው ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው። ፍርሃት ይመጣበታል። የሚያሳድደው የለም፣ ጥይት የለም፣ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። በላብ ተጠምቆ ራሱን በራሱ ሲያረጋጋ እናያለን። ካሜራው አይሸሽም። በዚያ ዘመን ለዚህ ሕመም ዛሬ የምንጠራበት ስም አልነበረውም። ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚቀር የአእምሮ ሕመም) የሚለው ስም በአሜሪካ ሐኪሞች መጽሐፍ የገባው በ1980 ነው። ስሙ ከመምጣቱ 36 ዓመት በፊት ፊልሙ ሕመሙን አይቶታል። ከ2006 ወዲህ የተሠሩት የቴሌቪዥን ፊልሞች ስሙን ያውቁታል፣ ግን ያንን ያህል ጊዜ አብረውት አይቀመጡም።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ ፊልም ውስጥ ፍቅር ሕመሙን አያጠፋውም። አጠገቡ ሰው እንዲኖር ብቻ ያደርጋል። ሴትየዋም የምታድነው ደግ ሆና አይደለም፣ እሷም የተጎዳች ስለሆነች ነው። ለመመለስ የሚቸገሩት ሁለቱም ናቸው። ከሁሉም ፊልሞች ለወንድሜ ጥያቄ ቅርብ የሆነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለማን አይሆንም? ልጆች ይሰለቻሉ። ንግግር ስለሚበዛው ለእማዬም ማስተርጎም ያደክማል። ፍርሃቱ ገና ትኩስ ለሆነበት ሰው ደግሞ ያ ትዕይንት ከባድ ነው። ብቻውን አያየው። ከተመለሰ ሁለት ሦስት ዓመት ላለፈው፣ ማውራት ለጀመረ ሰው ግን ልክ ነው።

ሳትከፍቱ በፊት

እኔ ያልጠቀስኳቸው በጣም ብዙ ናቸው፣ በየዓመቱም አዲስ ይወጣል። የፊልሙን ሁለት መስመር መግለጫ ስታነቡ እነዚህን ፈልጉ። ድንገት ደርሶ ቤተሰቡን ያስደንቃል ካለ፣ ለጠባቂዎች የተሠራ ነው። በፈቃድ መጣ ካለ፣ ወደ ጦር ሜዳ የመመለስ ጥያቄ ይኖራል። ልጇ ወይም ባሏ እንደገና የሚሄድባት ሴት ይህን ባታይ ይሻላል። ባሏ የሞተባት ካለ፣ ሐዘን አለበት። ተሰናብቶ ሥራ ፍለጋ ወይም ቤት ፍለጋ ላይ ያለ ከሆነ ቆም ብላችሁ አንብቡት፣ ብዙ ጊዜ ጥሩው እዚያ ነው።

ድምፁን ቀነስ አድርጉ። የገና ፊልም ቢሆንም መጀመሪያ ላይ የፍንዳታ ትዕይንት የሚያስገቡ አሉ። ሰው ተነስቶ ከወጣ ምን ሆንክ ብላችሁ አትከተሉት። ትንሽ ጠብቁና ሻይ ይዛችሁ ሂዱ። አሜሪካ ላላችሁ፣ ነገሩ ከፊልም በላይ ከሆነ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን ነው። የቀድሞ ወታደሮች መስመር ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ቤተሰብም መደወል ይችላል። እኔ ቁጥሩን ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ቀኑንም አስቡበት። ፊልሞቹ ዲሴምበር 25ን አስበው የተሠሩ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ ይተዋቸዋል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ሁለት ሳምንት ትርፍ አለን። እማዬ የነቢያትን ጾም የምትጾመው 43 ቀን ሙሉ ነው፣ ፊልሞቹ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቅቤና ኬክ ናቸው። ስለዚህ እኛ ቤት ትልቁን ፊልም የምናየው ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ በገና ዕለት ማታ ነው። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ።

ዘንድሮ እኔ አልመርጥም ብያለሁ። ወንድሜ ተራው የእሱ ነው። ባለፈው እሁድ ደውሎ የ1944ቱን ብሎኛል። እማዬ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ የሚያስተረጉመው ግን እሱ ነው፣ እንዲያ ነው የፈለገው።